ቀርከሃው ውስጥ ያየሁት የሐምዳን ፊት

የጅኒ ወሬ ሲጀመር መፍቻዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ የምመለስ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የማወራህን ስትሰማ «ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል» እንድትለኝ አልፈልግም። አሶሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ፣ ሞተር አልነሳ ካለ ወይ ካንዴላው ነው ወይ ካርቡሬተሩ ነው ወይ ነዳጅ የለውም፣ ሌላ ምክንያት የለም፣ ዓለሙንም የማየው እንደዚያው ነበር። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ ንብረታቸውን ሁሉ ጥለው የዛርና የአድባር ወሬያቸውን ብቻ ይዘው ነው የመጡት እላለሁ ስቀልድ፣ እናቴ ትቆጣኛለች፣ እኔ እስቃለሁ። እመነኝ፣ ዛሬም ቢሆን በዚህ በዚህ አምናለሁ ብዬ አይደለም የማወራህ፣ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ ፍርዱን አንተው ስጥ።

ሐምዳን የሚባል ወዳጅ አለኝ። ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ ለምን እንደቀየርኩት ኋላ ላይ ይገባሃል። የሆሞሻ ሰው ነው፣ በርታ ነው፣ ለውዝና ማንጎ ያመርታል፣ ሞተሩን እኔ ዘንድ ሲያሠራ ሲያሠራ ተዋደድን፣ የሱ ልጆች ሲታመሙ እኔ ቤት ያድራሉ፣ የኔ ሠርግ ላይ እሱ ነው ከብቱን የገዛው፣ እንደዚያ ነን። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ወጥቶ ለውዙ ሊነቀል ሲል ሱቄ መጣና ቁጭ አለ።

«ያ ይማም፣ ዝንጀሮ ጨረሰን ወላሂ» አለኝ፣ ስሜን ሲጠራ ሁሌ ያችን «ያ» ያስቀድማል። «ሚስቴ ይጮኻል፣ ልጆች ይጮኻል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይበላል። ያ አውራው አለ አይደለ፣ ትልቁ፣ እሱን ከመታን ሌላው ይሄዳል። አንተ ደግሞ ትወረውራለህ።»

እውነቱን ነው። ባምባሲ አጠገብ ባለው ሰፈራ መንደር ሳድግ ከበርታ ልጆች ጋር ደጋን እየሳብኩ ነው ያደግኩት፣ እጄ ደህና ነው። መሣሪያ እንዳይያዝ በተባለበት ወቅት ደግሞ ጥይት ማስጮህ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ደጋን ድምፅ የለውም። ደስ አለኝ፣ የዕረፍት ቀን መሰለኝ። እንዲያውም ገበያ ወርጄ እንደ ወታደር ልብስ ዥንጉርጉር የሆነ፣ ዓይን ብቻ የሚያሳይ የጨርቅ ጭንብል ገዛሁ፣ ስልክ ላይ የውጭ አዳኞች እንዲህ አድርገው አይቻለሁና።

ሆሞሻ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ሐምዳን በቀጥታ ወደ አጎቱ ቤት ወሰደኝ፣ እሱ «ኻሊ» ነው የሚላቸው፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ እኔም ኻሊ እላቸዋለሁ። በጉብዝናቸው ጊዜ የታወቁ አዳኝ ነበሩ አሉ፣ አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከደጃቸው ማንጎ ሥር ነው የሚውሉት። ጭንብሌን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይሄ ለብርድ ነው?» አሉኝ።

«ለዝንጀሮ ነው ኻሊ፣ እንዳያየኝ።»

«እሺ ልበስ። ደጋን ሳብ።»

ለበስኩት፣ ጅማቱን እስከ ከንፈሬ ጥግ ሳብኩት፣ ስለቀው ጅማቱ የጭንብሉን ጨርቅ ይዞ ሄደ፣ ቀስቱ ተወላግዶ ከፊታችን አፈር ላይ ተሰካ። ዶሮ እንኳ የሚገድል አልነበረም። ኻሊ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሐምዳንማ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ከዚያ ቁጭ አድርገው ቀቡን። እኔ መቀባት ማለት ጥላሸት ፊት ላይ መለቅለቅ ይመስለኝ ነበር፣ እንደዚያ አይደለም። ከሰሉን አድቅቀው በውሃና በጭቃ ለወሱት፣ ዘይት ቢገባበት አይለቅም ነበር ስላቸው «ላ፣ ላ» ብለው ከለከሉኝ፣ «ዘይት ያበራል። ፊትህ ራሱ ዘይት አለው፣ ለዚህ ነው የምንቀባው።» ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ አጠቆሩት፣ ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የጉንጭ አጥንት፣ አገጭ። ጥላ የሚውልበትን ደግሞ፣ የዓይን ጉድጓድንና ከከንፈር በታች ያለውን፣ አመድ በውሃ ለውሰው አነጡት። ጆሮዬን አልረሱም፣ አንገቴን አልረሱም፣ ዓይኔን አስጨፍነው ቆቡን ሳይቀር ቀቡኝ፣ ዓይንህን ባርገበገብክ ቁጥር ይታያል ብለው። ቀኝና ግራዬን ለየብቻ ነው የሠሩት።

«ሁለቱ ጎን እኩል ከሆነ ሰው ነው» አሉ። «እኩል ካልሆነ ቅጠል ነው። ዝንጀሮ ሽታ አይፈልግም፣ ፊት ይፈልጋል።»

ለሐምዳን የሠሩለትን በደንብ ላስታውስህ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከቀኝ ግንባሩ የሚነሳ ሰፊ ጥቁር መስመር በአፍንጫው ላይ በሰያፍ አልፎ ግራ መንገጭላው ላይ ያርፋል፣ የቀረው ሁሉ አመድ ነው። ጨርሰው ወደኔ ሲያዞሩት ደነገጥኩ፣ ያ የማውቀው ሰው ፊቱ ላይ የለም፣ ከዓይኑ በቀር ምንም የለም። ፈገግ ሲል ነው ሐምዳን የሆነው። ኻሊ ወዲያው «ጥርስ ዝጋ» አሉት፣ «ጥርስ ከሩቅ ይታያል።»

እርሻው እንዲህ ነው። ከላይ በኩል ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩበት ገደል አለ፣ በአንድ ጎኑ ጥቅጥቅ ያለ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው ትይዩ ደግሞ ሰው የሚያክል ትልቅ ኩይሳ አለ፣ ከኩይሳው ቀኝ እስከ መንገዱ ድረስ ወገብ የሚያልፍ ሣር ነው፣ መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ማንጎ ቆሟል። ሐምዳን ቀርከሃው ጥግ ተቀመጠ፣ እኔ ከኩይሳው ጀርባ። ርቀታችን ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስ ነው። ዝንጀሮዎቹ ብዙ ጊዜ በሣሩ ውስጥ ተደብቀው ነው የሚገቡት፣ የሱ ቦታ ከፍ ስለሚል ሣሩን ከላይ ያየዋል፣ እኔ አላይም፣ ስለዚህ ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው ብለን ተስማማን። መዳፉን ከዘረጋ ጠብቅ ማለት ነው፣ ጨብጦ ቁልቁል ካወረደ ልቀቅ።

ፀሐዩ ከአናት ሳይወርድ ተቀመጥን። ሙቀቱን አታንሳው። ጉንዳን ከኩይሳው ሥር እየወጣ ይበላኛል፣ እኔ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ቅባቱ ደርቆ ፊቴ ላይ ይሰነጣጠቃል። ዓይኔ ገደሉ ላይ ነበር። መሐል ላይ ከቀርከሃው በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀርከሃ በሙቀት ይጮኻል፣ ቁም ነገር አላልኩትም፣ ዞሬም አላየሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ሐምዳን የለም። ቢያንስ እኔ አላየሁትም። ደህና ተደብቋል ብዬ ዓይኔን ወደ ገደሉ መለስኩ፣ ከቆይታ በኋላ እንደገና ሳይ ፊቱ አለ።

ያው ፊት ነው፣ ያው ሰያፍ ጥቁር መስመር። ግን ከተቀመጠበት ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ጥላ ፍለጋ ተጠግቶ ይሆናል አልኩ። እጄን አነሳሁለት፣ ዝም። ፊቱ ላይ ፀሐይ አርፎ ያብረቀርቃል፣ ላብ ነው አልኩ። ነፋስ መጣና ቀርከሃው ተወዛወዘ፣ ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ከሥሩ ያለው ሣር ሳይቀር ወዲያና ወዲህ ሲል ፊቱ ብቻ ባለበት ቆመ፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነገር። ጎበዝ አዳኝ ነው አልኩ በልቤ፣ እኔ ስቁነጠነጥ እሱ ትንፋሹ እንኳ አይታይም። ወዳጄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለሁሉም ነገር ምክንያት አገኝለት ነበር፣ እንደ ሞተሩ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ እጅ ወጣና መዳፉን ዘረጋልኝ። ጠብቅ።

ጠበቅኩ። እስከዚያ ቀርከሃው ውስጥ ሲጮኹ የነበሩት ርግቦች ዝም ማለታቸውን ያወቅኩት ዝንጀሮዎቹ ሲመጡ ነው። ያን ቀን በሣሩ አልመጡም፣ ከገደሉ በቀጥታ ወርደው ለውዙ ውስጥ ገቡ፣ አውራው ከፊት፣ ልጅ ያዘሉት ከኋላ። አውራው ለኔ ገና ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ አፈር ጭሮ ቆመ፣ ከዚያ በሁለት እግሩ ተነሥቶ ወደ ቀርከሃው አየ፣ ወደ ሐምዳን ፊት። አለቀልን፣ አሁን ይጮኻል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልጮኸም። ዝንጀሮ ሰው አይቶ ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ቀስ ብሎ በአራት እግሩ ወረደ፣ ፊቱን ከቀርከሃው ሳያነሳ ወደኋላ ወደኋላ ሄደ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ ጨምቀው ተከተሉት፣ አንዲት ድምፅ ሳያሰሙ መንጋው በሙሉ ገደሉን ወጣ። ያን ጊዜ ነው ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር የቆመው።

ወዲያው በቀኜ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፣ የሣሩ ጫፍ ይሰነጠቃል፣ ወደኔ ይመጣል። አንዱ ዝንጀሮ ተነጥሎ ቀርቷል አልኩ፣ ቀስቴን ደገንኩ፣ ሳብኩና ወደ ሐምዳን አየሁ። እጁ ወጥቷል። ጨብጦታል። ቁልቁል አወረደው።

ለቀቅኩት።

«ያ ረቢ!» የሚል ጩኸት ከሣሩ ውስጥ ተነሣ፣ የሐምዳን ድምፅ ነው፣ በሺህ ሰው መሐል የማልስተው ድምፅ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ዓይኔ የት እንደነበር ታውቃለህ? ሐምዳን ፊት ላይ። ፊት ለፊቴ፣ ቀርከሃው ውስጥ። እየጮኸ ያለው በቀኜ ነው፣ እያየሁት ያለሁት ፊት ለፊቴ ነው። ከዚያ ቀርከሃው ውስጥ ያለው ፊት አፉን ከፈተ፣ ጥርሱን አየሁት፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ነፋሱ ቀርከሃውን አንድ ጊዜ አጎንብሶ ሲመልሰው የለም።

ደጋኔን እንደያዝኩ ወደ ጩኸቱ ዞርኩ። ሐምዳን ከሣሩ ተነሥቶ ቆመ። አንገቱ ላይ ጠምጥሞት የነበረው ቡናማ ጨርቅ ከጆሮው ሥር ተበስቷል፣ ቀስቱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ከኋላው መሬት ላይ ነው። ሥጋውን አልነካም። በአንድ እጁ አንገቱን ይዳስሳል፣ በሌላው ደጋኑን ይዟል።

«ልትገድለኝ ነው?» አለኝ።

«አንተ ነህ ልቀቅ ያልከኝ!»

«እኔ? እኔ ከኻሊ ቤት አሁን መምጣቴ ነው! ጅማት ተበጠሰ፣ እጄን አወዛወዝኩልህ፣ አላየህም፣ ሄድኩ። ኻሊ ጋ ሌላ ጅማት አሰርኩ፣ ውሃ ጠጣሁ። አሁን ስመለስ አንተ ጠራኸኝ!»

«እኔ ከዚህ አልተነሣሁም።»

«ማንጎው ጋ ቆመህ!» በደጋኑ ወደ መንገዱ አሳየኝ። «መንገዱ ጫፍ፣ ማንጎው ሥር፣ ፊትህን አየሁ፣ ይህን ቅባት አየሁ! በእጅህ በዚህ ና፣ በሣሩ ና፣ ጎንበስ በል አልከኝ። እኔ በመንገድ ልመጣ ነበር። በሣር አስገብተህ ከዚያ ትወጋኛለህ ያ ይማም?»

በዚያን ጊዜ ያደረገውን አልረሳውም፣ አልፈርድበትምም። ከጀርባው አንድ ቀስት መዝዞ ጅማቱ ላይ አስቀመጠ። አልሳበውም፣ ግን አስቀመጠው። ከዚያ ቀለም ጀርባ ዓይኑን አየሁት፣ ወዳጁን የሚያይ ዓይን አልነበረም፣ ሰፋሪ የሚያይ ዓይን ነበር። ይህን ያለነገር አይደለም የምልህ። ያለንበትን ዘመን ታውቀዋለህ። ያ ቀስት አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ሐምዳን ሆሞሻ ላይ በኔ በወሎዬው እጅ ሞቶ ይገኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ «ራሱ ነው ምልክት የሰጠኝ» ስል ማን ይሰማኝ ነበር? ከኔ በኋላ የማን ቤት ይቃጠል ነበር? ባምባሲ ያለችው እናቴስ? ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ራሴ ውስጥ ገባና ደጋኔን ጣልኩት፣ የቀሩትን ቀስቶች ጣልኳቸው፣ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ሐምዳን፣ ፊትህን እዚያ አየሁት» አልኩት፣ ወደ ቀርከሃው እያሳየሁ። «አሁን፣ አንተ ስትጮህ።»

«ፊቴ እዚህ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ወደ ቀርከሃው አየ። ከዚያ ቀስቱን ከጅማቱ አነሣው። «እንሂድ እንይ» አለኝ፣ ግን «አንተ ቅደም» አለኝ።

ተቀምጦበት የነበረው ቦታ አለ፣ የተበጠሰው ጅማት አንድ ቀርከሃ ላይ ተንጠልጥሏል፣ «ቋ» ያለው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ሄድን፣ ፊቱን ወዳየሁበት። ወዳጄ፣ እዚያ ቀርከሃው ግንድ ለግንድ ተጣብቆ ነው የበቀለው፣ ሐምዳን ክንዱን ሊያስገባ ሞክሮ ክርኑ ላይ ቆመበት። ሰው ቀርቶ ራስ የሚሆን ቦታ የለም። ግን ከኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዶቹ ላይ ጥቁርና ነጭ አለ፣ አንድ ነገር ፊቱን አስጠግቶ ያሻሸ ይመስላል። ጣቴን አስነካሁት። እርጥብ ነው። የኛ ከደረቀ ሰዓታት አልፎት ፊታችን ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ያ ግን ጣቴ ላይ ቀረ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በዚያ ሙቀት እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ሐምዳን ጣቴን አየና በበርትኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም። ሮጥን። የሮጥነው ለየብቻ ነው፣ ጎን ለጎን ግን ተራርቀን፣ አንዳችን ሌላችንን ከኋላ ማስቀረት ፈርተን።

ኻሊ አካሄዳችንን ከሩቅ አይተው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተዋል። ሐምዳን በበርትኛ ነገራቸው፣ እኔ በአማርኛ ነገርኳቸው። እስክንጨርስ አላቋረጡንም። ሐምዳን እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብሎ ጅማት ሲያስር እንደነበር አረጋገጡልኝ፣ ከዚያ ወደሱ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ፦

«ማንጎ ጋ የነበረው ስምህን ጠራ?»

«አልጠራም ኻሊ። በእጅ ብቻ።»

ወደኔም ዞሩ። «የአንተስ? አፍ ነበረው፣ ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ወንዝ ወርደን ልንታጠብ ስንል ከለከሉን፣ ውሃ አስቀድተው ፊታችንን በገዛ እጃቸው አጠቡን። የታጠብንበትን ውሃ ራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ምንድን ነው ኻሊ ብዬ ብጠይቃቸው «አሁን ሂድ ልጄ፣ ፀሐይ ሳይገባ ሂድ» ብቻ አሉኝ። እስካሁን አልነገሩኝም።

ለሰው እንዳንናገር ሦስታችን ተማማልን፣ ጅኒውን ፈርተን አይደለም፣ ሰውን ፈርተን ነው፣ «ሰፋሪው ሐምዳንን በቀስት ሳተው» የምትል ወሬ ገበያ ላይ ብትወድቅ ምን እንደምትሆን እናውቃለን። ስሙን የቀየርኩት ለዚህ ነው።

ቤቴ ገብቼ ለራሴ ያላልኩት የለም። ሙቀት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ያፈጠጠ ዓይን የሌለውን ያያል፣ የቀርከሃና የብርሃን ጥላ ነው። እሺ ይሁን፣ የኔ ዓይን ነው እንበል። የሐምዳንስ? እሱ እኔን ማንጎው ሥር ያየው በምን ዓይኑ ነው? አንዳንዴ ከዚህ የከፋ ነገር አስባለሁ፣ ምናልባት እሱም ቤቱ ተኝቶ ይማም በእርግጥ ጠርቶኝ ቢሆንስ እያለ ያስብ ይሆናል እላለሁ። እኔም እኮ የሱን ቃል እንጂ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ወዳጅነታችን አልተቋረጠም፣ ግን አንድ ልማድ አመጣን፣ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ያ ነገር በእጅ እንጂ በስም አልጠራንምና። ስንገናኝ፣ አሶሳ መሐል ገበያ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን፣ እጅ ከመጨባበጣችን በፊት ራቅ ብለን ቆመን ስም እንጠራራለን። «ያ ይማም!» ይላል፣ «ሐምዳን!» እላለሁ፣ ጮክ ብለን፣ ሰው እስኪስቅብን። ከዚያ ነው የምንቀራረበው።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት ላይ ሱቄ መጣ። የአንድ ደንበኛ ሞተር ፈትቼ እጄ በግሪስ ተነክሮ ነበር፣ ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል፣ እንዲገባ በእጄ ጠራሁት፣ ገባ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እኔ እየሠራሁ ስለ ማንጎው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ አወራሁት፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈገግ ይላል። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ገባሁ፣ ስመለስ ሄዷል። ቸኩሎ ይሆናል አልኩ። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን አልሰማሁም፣ እና ፎጣውን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ስናወራ የቆየነውን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ፣ እኔ ያልኩት ሁሉ ትዝ ይለኛል፣ እሱ ያለው አንድ ቃል ግን አልመጣልኝ አለ። ስም አልተጠራራንም።

ልደውልለት ስልኬን አነሣሁ። ቁጥሩ ላይ ጣቴን አደረግኩ። ቢያነሣና «ዛሬ ከሆሞሻ አልወጣሁም» ቢለኝስ?

እስካሁን አልደወልኩም። እሱም አልደወለም።